ግሬስ ሆፐር

ግሬስ ብሩስተር መሪ ሆፐር (ኅዳር 30 ቀን 1899 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 22 ቀን 1984 ዓ.ም.፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከዲሴምበር 9 ቀን 1906 እስከ ጃንዩዌሪ 1 ቀን 1992) አሜሪካዊት የሒሳብ ምሁር፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊና የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከኮቦል የፕሮግራም ቋንቋ ጋር ነው። ይሁን እንጂ ከኮቦል ጥቂት ዓመታት ቀድመው የሠሩት ኤ-ዜሮ የተባለው ፕሮግራም ለዛሬው ሶፍትዌር አሠራር ከኮቦል ያላነሰ ድርሻ አለው። ኤ-ዜሮ ተጽፈው የተቀመጡ የኮድ ክፍሎችን በስማቸው እየፈለገ፣ እየገለበጠና እያገጣጠመ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያወጣ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ፓኬጅ ማኔጀር የሚባሉት መሣሪያዎች በኢንተርኔት አማካይነት የሚሠሩት ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው።

ፓኬጅ ማኔጀር ማለት የአንድን የኮድ ላይብረሪ ስም ሲሰጡት ላይብረሪውን ከማከማቻው ፈልጎ የሚያመጣ፣ ያ ላይብረሪ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎችም አብሮ የሚያመጣና ሁሉንም በየቦታቸው የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። ነገሩን በወጥ መመሰል ይቻላል። ፍኖተ ሰላም ላይ ሽሮ የምትሠራ ሴት የተዘጋጀ በርበሬ ካላት ዛላውን ከቡሬ ገበያ ገዝታ፣ አጥባና አድርቃ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ኮረሪማውን ጨምራ አስፈጭታ መጀመር አያስፈልጋትም። በርበሬው ግን ያለ ዛላው፣ ያለ ነጭ ሽንኩርቱና ያለ ኮረሪማው አይሆንም። ኮድም እንደዚሁ በሌላ ኮድ ላይ፣ ያም በሌላ ላይ ይቆማል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሆፐር በኒው ዮርክ ከተማ ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ ከእናታቸው ወገን ቅድመ አያታቸው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ የባሕር ኃይል አድሚራል ነበሩ። በሰባት ዓመታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈተው መግጠም ስላቃታቸው ሁለተኛውን ፈቱ፤ እንዲህ እያሉ እናታቸው ሳይደርሱባቸው ሰባት ሰዓት እንደፈቱ ይነገራል።

በ16 ዓመታቸው ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት ተፈትነው የላቲን ውጤታቸው ስላልበቃ አልተቀበሏቸውም። በዓመቱ ተቀብሏቸው በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በሒሳብ አገኙ። በ1930 ቪንሰንት ፎስተር ሆፐርን አገቡ፤ ትዳሩ በ1945 በፍቺ ቢያበቃም ስሙን እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘው ቆዩ። ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሒሳብ ያስተምሩ ነበር።

በሃርቫርድ

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሆፐር ባሕር ኃይል ለመግባት አመለከቱ። ዕድሜያቸው አልፏል፣ ክብደታቸውም ከሚፈለገው በታች ነው ተባሉ። የሒሳብ መምህርነታቸውም ለጦርነቱ የሚጠቅም ሥራ ተደርጎ ስለታየ እዚያው እንዲቆዩ ተመክረው ነበር። በ1943 ልዩ ፈቃድ አግኝተው በሴቶች ተጠባባቂ ክፍል ገቡ፤ ሥልጠናውንም በአንደኝነት ጨረሱ። በሐምሌ 1944 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ኤይከን ወደሚመሩት የስሌት ክፍል ተመደቡ።

እዚያ የጠበቃቸው ማርክ አንድ የተባለው መኪና ርዝመቱ 15 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክብደቱ ከ4 ቶን በላይ ነበር። በሴኮንድ ሦስት ያህል ድምር ይሠራል፤ አንድ ማባዛት ግን ስድስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ትእዛዙን የሚቀበለው ቀዳዳ ከተበሳበት የወረቀት ጥብጣብ ነው። ሆፐር በዚህ መኪና ላይ ፕሮግራም ከጻፉ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሲሆኑ፣ በ1946 የታተመውንና ከ500 ገጽ በላይ ያለውን የአሠራር መመሪያ መጽሐፍ በአብዛኛው ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው።

ስለ እሳቸው ሲወራ ዘወትር የሚነሣ አንድ ታሪክ አለ። በመስከረም 1947 በማርክ ሁለት ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኝታ በመዝገቡ ላይ በማጣበቂያ ተለጥፋለች። የፕሮግራም ስሕተት በእንግሊዝኛ በነፍሳት ስም መጠራቱን ሆፐር ጀመሩት የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። እራቷን ያገኙት ግን እሳቸው አይደሉም፤ ቃሉም በመሐንዲሶች ዘንድ ከዚያ በፊት ይነገር ነበር። እሳቸው ታሪኩን ደጋግመው እያወሩ አስፋፉት።

የማስታወሻ ደብተሮቹ

በሃርቫርድ የነበሩት ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ ስሌት ሠርቶ ትክክል መሆኑ ከተረጋገጠ ኮዱን በማስታወሻ ደብተር ይጽፉት ነበር። ለምሳሌ የሳይን ስሌት የሚያስፈልገው ሰው የባልደረባውን ደብተር ተውሶ ያንን ክፍል ወደ ራሱ ፕሮግራም ይገለብጣል። ይህ ዓይነቱ ራሱን የቻለ የፕሮግራም ክፍል ሰብሩቲን ይባላል። ደብተሮቹም የመጀመሪያው የኮድ ላይብረሪ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ችግሩ ግልበጣው ላይ ነበር። ሆፐር ከብዙ ዓመታት በኋላም ሲናገሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁለት ነገር በደንብ እንደማይችሉ ያስታውሱ ነበር፤ መገልበጥና መደመር። በእጅ ሲገለበጥ የእንግሊዝኛው ቢ የተባለው ፊደል 13 ሆኖ ይገኛል፣ 4 ቁጥርም ሌላ ምልክት ይሆናል። በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ብራና የገለበጠ ጸሐፊ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ጸ እና ጰ ይምታታሉ፤ አንድ መስመር ይዘለላል፤ ከዚያ ብራና የሚገለብጠው ደግሞ ስሕተቱን ከነጽሑፉ ይወርሳል። ልዩነቱ የብራናውን ስሕተት ሊቁ አንብቦ ሊያርመው መቻሉ ነው። ኮምፒዩተር ግን የተሳሳተውን እንደተጻፈለት ይፈጽማል።

መደመሩ ከግልበጣው ይብስ ነበር። ከጥብጣቡ ዘመን ቀጥለው በመጡት፣ ፕሮግራሙን ራሱን በማስታወሻቸው በሚይዙት ኮምፒዩተሮች እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ አድራሻ አለው። አንድ ሰብሩቲን ሲጻፍ ከ0 እንደሚጀምር ተደርጎ ይጻፋል። በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ የሚቀመጠው ከ350 ጀምሮ ከሆነ፣ በውስጡ ወደ 12 ሂድ የሚለው ትእዛዝ ወደ 362 ሂድ ተብሎ መለወጥ አለበት። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ በአንድ ሰብሩቲን ውስጥ በርካታ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም በእጅ ይደመራል፣ አንዱ ከተሳሳተ ፕሮግራሙ በሙሉ ይበላሻል። ሆፐር ይህን ሲያዩ የደረሱበት ሐሳብ ቀላል ነው። መገልበጥና መደመር ኮምፒዩተር ከሰው ይልቅ የሚችላቸው ሥራዎች ስለሆኑ ለኮምፒዩተሩ መተው አለባቸው።

ኤ-ዜሮ

ሆፐር በ1949 ሃርቫርድን ትተው ፊላደልፊያ በሚገኘው የኤከርትና ሞክሊ የኮምፒዩተር ኩባንያ ተቀጠሩ። ኩባንያውን በ1950 ሬሚንግተን ራንድ ገዛው። በ1951 ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት የተሰጠው ዩኒቫክ አንድ የተሠራው በዚህ ኩባንያ ነው። ዩኒቫክ በዋና ማስታወሻው 1000 ቃል ብቻ ይይዝ ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል 12 ፊደል ወይም አኃዝ ነው። ሌላው ሁሉ በማግኔት ቴፕ ይቀመጣል።

እዚያው ይሠሩ የነበሩት ቤቲ ሆልበርተን መረጃን በቅደም ተከተል የሚደረድር ፕሮግራም በራሱ የሚጽፍ ሌላ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ፕሮግራም ፕሮግራምን መጻፍ እንደሚችል ያሳየቻቸው ሆልበርተን እንደሆነች ሆፐር ሳይሸሽጉ ይመሰክሩ ነበር። ከዚያ ተነሥተው በ1951 እና በ1952 ኤ-ዜሮን ሠሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የተረጋገጡት ሰብሩቲኖች በቴፕ ላይ ይጻፋሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ እንደሚሰጠው የመጥሪያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ፕሮግራም ጸሐፊው ኮዱን አይገለብጥም። የሚፈልጋቸውን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ይጽፋል፣ በየትኛው መረጃ ላይ እንደሚሠሩም ይጠቁማል። ኤ-ዜሮ ዝርዝሩን እያነበበ ሰብሩቲኑን ከቴፑ ፈልጎ ያወጣዋል፣ በቦታው ያስቀምጠዋል፣ አድራሻዎቹን ደምሮ ያስተካክላል፣ በመጨረሻም ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ፕሮግራም በሌላ ቴፕ ላይ ይጽፋል። ሆፐር ከየቦታው ሰብስቦ በአንድነት ማዘጋጀት የሚል ትርጉም ባለው ቃል ኮምፓይለር አሉት። ዛሬ ኮምፓይለር የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋን ወደ መኪና ኮድ የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። ኤ-ዜሮ በአሁኑ አጠራር ይበልጥ የሚቀርበው የተጻፉ የኮድ ክፍሎችን ለሚያገናኘውና ለሚጭነው መሣሪያ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ኮምፓይለር ነው መባሉ ላይ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ማስታወሻ ይጨምራሉ።

አንድ እንቅፋት ነበረው። ኤ-ዜሮ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ እያነበበ ስለሚያዘጋጅ፣ ወደፊት ወዳለ ክፍል ዝለል የሚል ትእዛዝ ሲያጋጥመው ያ ክፍል ገና ስላልተቀመጠ አድራሻውን ሊያውቅ አይችልም። መፍትሔውን ሆፐር ያገኙት ኮሌጅ ሳሉ ከተጫወቱት የቅርጫት ኳስ ነው። በጨዋታው ኳሱን ለጓደኛ አቀብሎ፣ ወደ ፊት ሮጦ፣ መልሶ መቀበል አለ። በዚሁ ዓይነት ዝላዩን በማስታወሻው መጨረሻ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥግ ላኩት። የተፈለገው ክፍል በቦታው ሲቀመጥና አድራሻው ሲታወቅ፣ ከጥጉ ወደ እሱ የሚያደርስ ሁለተኛ ዝላይ እዚያ ይጻፋል።

ሥራውን በግንቦት 1952 በፒትስበርግ በተደረገ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉባኤ አቀረቡት። ብዙዎች አልተቀበሉትም። ኮምፒዩተር የሚችለው ሒሳብ ማስላት ነው፣ ፕሮግራም መጻፍ አይችልም የሚለው እምነት ጠንካራ ነበር። የሚሠራ ኮምፓይለር በእጃቸው እያለ የሚነካው ሰው ማጣታቸውን ሆፐር በኋላ ዘመን ብዙ ጊዜ አውርተዋል።

የሰብሩቲን ላይብረሪ ራሱ የሆፐር ፈጠራ ነው ማለት ግን ትክክል አይሆንም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1949 ሥራ የጀመረው ኤድሳክ በቁም ሣጥን የተደረደሩ የወረቀት ጥብጣብ ሰብሩቲኖች ነበሩት፤ ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊልም ስለዚህ አሠራር በ1951 መጽሐፍ አሳትመዋል። ጥብጣቡን ከቁም ሣጥኑ የሚያወጣው ግን ሰው ነበር። ሆፐር የጨመሩት ፍለጋውንና ማገጣጠሙን ጭምር ለኮምፒዩተሩ መስጠትን ነው።

ለደንበኞች የታደለው ኮድ

ከኤ-ዜሮ በኋላ ኤ-አንድና ኤ-ሁለት ተከተሉ። ኤ-ሁለት በ1953 ማብቂያ ላይ ዩኒቫክ ለነበራቸው ደንበኞች ሲታደል ኮዱ ከነምንጩ ተሰጣቸው፤ ያሻሻሉትንም መልሰው እንዲልኩ ተጋበዙ። በዚህ ምክንያት ኤ-ሁለት ምንጩ ክፍት ከሆኑ ሶፍትዌሮች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። በዚያ ዘመን ትርፍ የሚገኘው ከመኪናው ሽያጭ እንጂ ከሶፍትዌር ስላልነበረ ማካፈሉ ኩባንያውን አይጎዳውም ነበር። ቢሆንም ደንበኞች ተራ ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ ላይብረሪውን አብረው የሚያሳድጉ እንዲሆኑ የተጠየቁበት አሠራር ነበር። በ1955 የአይቢኤም ኮምፒዩተር ተጠቃሚዎችም ሼር የተባለ ማኅበር አቋቁመው ፕሮግራሞቻቸውን እርስ በርስ መለዋወጥ ጀመሩ።

ሰብሩቲን ማካፈል ከሐሳቡ ይልቅ ስምምነቱ ይከብዳል። ሁለት ሰዎች ለአንድ ሥራ ሁለት ዓይነት ቁጥር ከሰጡ፣ አንዱ መልሱን በአንድ ቦታ ሌላው በሌላ ቦታ ካስቀመጠ፣ ኮዱ ቢላክም አይገጥምም። ሆፐር ቀሪውን ዕድሜያቸውን በብዛት ያሳለፉት በዚህ ጉዳይ፣ ማለትም በአንድ ወጥ ደንብ ላይ ሰዎችን በማስማማት ነው።

ፍሎማቲክና ኮቦል

ሆፐር የንግድ ድርጅት ሠራተኞች በሒሳብ ምልክት ፕሮግራም እንዲጽፉ መጠበቅ እንደማይገባ ስላመኑ፣ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ ፍሎማቲክ የተባለ ቋንቋ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠሩ። ለኩባንያው ኃላፊዎች ሐሳቡን ሲያቀርቡ ቃላቱ የግድ እንግሊዝኛ መሆን እንደሌለባቸው ለማሳየት ያንኑ ትንሽ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም ጻፉት። ኃላፊዎቹ ደነገጡ፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተሠራ አሜሪካዊ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊገባው አይችልም ብለው ፕሮጀክቱን ሊያስቆሙት ደርሰው ነበር። ለኮምፒዩተሩ ግን ሁሉም የምልክት ተራ ነው፤ አማርኛም ቢሆን ልዩነት የለውም።

በግንቦት 1959 በፔንታጎን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የኮምፒዩተር አምራቾች ተሰብስበው በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ አንድ የንግድ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ኮቦል የተወለደው ከዚህ ነው። ቋንቋውን የነደፈው ኮሚቴ ውስጥ ሆፐር አባል አልነበሩም፤ አማካሪ ነበሩ። የኮቦል እናት መባላቸው ኮሚቴው ፍሎማቲክን ዋና መነሻው በማድረጉ ነው። በታኅሣሥ 1960 አንድ ዓይነት የኮቦል ፕሮግራም በአርሲኤና በሬሚንግተን ራንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ተሞክሮ በሁለቱም ሠራ።

ወደ ባሕር ኃይል መመለስና ናኖሰከንዱ

በ1966 ማብቂያ ዕድሜያቸው ደርሶ ከባሕር ኃይል ተጠባባቂነት በጡረታ ተሰናበቱ። ባሕር ኃይሉ ግን በየመርከቡና በየመሥሪያ ቤቱ የተለያየ ዓይነት ኮቦል ይዞ ስለተቸገረ በነሐሴ 1967 ለስድስት ወር ብሎ ጠራቸው። ስድስቱ ወር ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ሆነ። የኮቦል ኮምፓይለሮች በእርግጥ ደንቡን መከተላቸውን የሚፈትኑ ፕሮግራሞችን በማዘጋጀት የሠሩት ሥራ ለሌሎች ቋንቋዎችም ፈር ቀዷል።

በዚህ ዘመን በየስብሰባው እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። ኮምፒዩተር በናኖሰከንድ ይሠራል ሲባል ለአድሚራሎቹ ስላልገባቸው፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የተቆረጠ ሽቦ ያድሏቸው ጀመር። ሽቦው ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ የሚሄደው ርቀት ነው። ለማነጻጸርም 300 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሽቦ ጥቅል ይዘው ይመጡና ይህ ማይክሮሰከንድ ነው ይሏቸው ነበር። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በዚህ ስሌት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የሆፐር ሽቦዎች ይፈጃል። በፋይበር ውስጥ ደግሞ ብርሃን በባዶ ቦታ ከሚሄደው በአንድ ሦስተኛ ያህል ይዘገያል። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ከዚህ በታች ለሚነሣው የርቀት ጉዳይ ይጠቅማል።

በቢሯቸው ግድግዳ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ እስከ አሁን እንዲህ ነው የሠራነው የሚል ምክንያት ለሚያቀርብ ሰው መልስ መሆኑ ነው። በ1983 ኮሞዶር ሆኑ፤ የማዕረጉ ስም በ1985 ስለተለወጠም ሪር አድሚራል ተባሉ። በነሐሴ 1986 በቦስተን ወደብ ዩኤስኤስ ኮንስቲቱሽን በተባለችው ጥንታዊ መርከብ ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት በ79 ዓመታቸው ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላም ለዲጂታል ኢኪውፕመንት ኩባንያ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። በ85 ዓመታቸው ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበሩ። በ1997 ሥራ የጀመረች አንዲት የጦር መርከብ በስማቸው ተሰይማለች፤ በ2016ም ከሞት በኋላ የፕሬዚዳንታዊ የነጻነት ሜዳሊያ ተሸልመዋል። በ1969 አንድ የመረጃ ባለሙያዎች ማኅበር በዚያ ዓመት የጀመረውን የዓመቱ ሰው ሽልማት ሲሰጣቸው የሽልማቱ ስም የዓመቱ ወንድ የሚል ነበር።

ከመጥሪያ ቁጥር ወደ ፓኬጅ ማኔጀር

ሆፐር ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጃንዩዌሪ 1994፣ ኢያን መርዶክ ለደቢያን ሊኑክስ ዲፒኬጂ የተባለውን ፓኬጅ ማኔጀር ጻፈ። በ1995 ለፐርል ቋንቋ ሲፓን የተባለው ማከማቻ ተከፈተ፤ በኋላም ለፓይተን ፓይፒአይ፣ ለጃቫስክሪፕት ኤንፒኤም መጡ። በማግኔት ቴፕ ፋንታ ሰርቨር፣ በመጥሪያ ቁጥር ፋንታ የፓኬጅ ስምና የእትም ቁጥር ተተካ። እትሙ የተጨመረው ላይብረሪ ሲሻሻል አሮጌውን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ነው። ኤ-ዜሮ ይህ አላስፈለገውም፤ ላይብረሪው አንድ ቴፕ፣ ጠባቂዎቹም ጥቂት ሰዎች ነበሩና።

ጥቅሙን በአገር ቤት ጉዳይ ማየት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ኅዳር 30 ቀን 1899 ዓ.ም. ሆኖ ተጽፏል። ይህን የሚያሰላ ፕሮግራም መጻፍ የሚፈልግ ሰው በአሁኑ ዘመን መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 12 ላይ እንደሚውል፣ ጳጉሜን አንዳንዴ 5 አንዳንዴ 6 ቀን እንደምትሆን ማስገባት አለበት፤ ስሕተት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ዳንኤል ያዕቆብ ዴት ኢትዮፒክ የተባለ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሞጁል ጽፎ በሲፓን ስላስቀመጠ የፐርል ተጠቃሚ ይህን እንደገና መሥራት አይኖርበትም። በደቢያንም አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ እንደ ፓኬጅ ስለተዘጋጀ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ቡሬ ያለ ተማሪና ለንደን ያለ መሐንዲስ የሚያገኙት ያንኑ ኮድ ነው፤ አንድ ፊደል አይለወጥም። ከሃርቫርድ ደብተሮች ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ፊደል መሳሳት ግን ጨርሶ አልጠፋም። ከታወቀ ፓኬጅ ስም በአንድ ፊደል የሚለይ ስም እየሰጡ ጎጂ ኮድ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ስሙን በጥድፊያ የጻፈ ሰው ሌላ ነገር ይጭናል። ሌላው አደጋ ላይብረሪው ከቦታው መጥፋቱ ነው። በመጋቢት 2016 ከኤንፒኤም ሌፍት ፓድ የተባለ 11 መስመር ብቻ ያለው ኮድ በጸሐፊው ሲነሣ፣ በእሱ ላይ የቆሙ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞችን መገንባት አልተቻለም፤ በዚያው ቀን እንዲመለስ ተደረገ።

በምዕራብ ጎጃም ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ማከማቻዎቹ በባሕር ማዶ ባሉ ሰርቨሮች የሚገኙ በመሆናቸው ግንኙነት ከሌለ ላይብረሪም የለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ውስጥ ያለ ተማሪ ኮምፒዩተሩ ላይ ቀድሞ ባስቀመጠው ብቻ ይወሰናል። ደቢያን ፓኬጆቹን በዲቪዲ ቅጂ ጭምር የሚያወጣው፣ የፓይተኑ ፒፕም ከኢንተርኔት ይልቅ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለ ፎልደር እንዲጭን ሊታዘዝ የሚችለው ለዚህ ዓይነት ችግር ነው። ግንኙነት ባለበት ቦታ አንድ ሰው ፓኬጆቹን ከነሚያስፈልጓቸው አውርዶ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ቢያመጣ፣ አንድ የኮምፒዩተር ክፍል በሙሉ ሊጠቀምበት ይችላል። ብዙ ማከማቻዎች ሚረር፣ ማለትም መስታወት የሚባሉ ትክክለኛ ቅጂዎችን በየአገሩ የሚያኖሩትም ርቀቱን ለማሳጠርና አንዱ ሲቋረጥ ሌላው እንዲተካ ነው። ፍላሹ በአውቶቡስ ከባሕር ዳር ወደ ቡሬ ሲመጣ፣ በ1953 ለደንበኞች እንደታደለው ኤ-ሁለት፣ ዘግይቶም ቢሆን ሙሉውን ላይብረሪ ይዞ ይደርሳል።